በማን ሲኒ ጠጣን?



ሃይማኖት የሚወድ ሰውና የሚያምን ሰው አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የማይሆኑበት ጊዜም አለ። ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እዚሁ በቡናው አገር፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በሸካና በከፋ ይታያል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዱ ሊከፋው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጉዳዩ በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሃይማኖት የጎደለበት አገር ውስጥ አይደለንም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ ያኔ ይህን አካባቢ ይጨምር በነበረው በደቡብ ክልል፣ ከ100 ሰው 55ቱ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ወደ 20 የሚጠጋው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ ብሎ ተቆጥሯል። ከአራት ሰው ሦስቱ ክርስቲያን ነው ማለት ነው። እሑድ ጠዋት በሚዛን ያደረ እንግዳ ከአንዱ ድምፅ ማጉያ ቅዳሴ፣ ከሌላው መዝሙር እየሰማ ነው የሚነቃው። የቡና ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወራት ስለት ይገባል፣ አስራት ይወጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ትልቅ ጉባኤ ይጠራል፤ ከአዲስ አበባ ሰባኪና ዘማሪ ይመጣል፣ ሜዳው ይሞላል።

ትንቢት የሚናገር ሰው መጣ ሲባል ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ አለ። ጸበል ፈለቀ ሲባል ሌሊት ተነሥቶ የሚጓዝ አለ። ወጣቶቻችን መዝሙሩን ከነዘማሪው፣ ስብከቱን ከነሰባኪው በቃላቸው ይዘውታል፤ በስልካቸውም ሲቀባበሉት ይውላሉ። በዚህ መካከል የሚፈሰውን እንባ የውሸት ነው አልልም። ሰው መዝሙር ልቡን ሲነካው ያለቅሳል፤ ልቡ የተፈጠረውም ለዚያ ነው። ነገር ግን የተነካ ልብ ሁሉ ያመነ ልብ አይደለም። ጌታ ስለ ዘሪው ምሳሌ ሲያስረዳ፣ ጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ቃሉን በደስታ የሚቀበል ሰው መሆኑን ተናግሯል። በደስታ የተቀበለው ነው የደረቀው! ይህን ቦታ ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን። እኔን ግን ከምሳሌው ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ያ ሰው ደስታው እውነተኛ ነበርና።

ከእናንተ ውስጥ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሠራችሁ ትኖራላችሁ። ከአርሶ አደሩ የመጣው እሸት ቡና ገንዳ ውስጥ ሲፈስስ የሚሆነውን አይታችኋል። ፍሬው የሞላው ይሰምጣል፤ ተባይ የበላው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ይንሳፈፋል፤ ተጠርጎም ለብቻ ይወጣል። ዛፉ ላይ ሳሉ ሁለቱም ቀይ ነበሩ፤ ለቃሚዋ በጣቷ ስትይዛቸው ልዩነት አላየችባቸውም። ውኃው ነው የለያቸው። እንግዲህ ጥያቄው ለእኛ ውኃው ምንድን ነው የሚለው ነው። በእኔ እምነት ጾም አይደለም፣ መዝሙርም አይደለም፣ የመጽሐፍ ዕውቀትም አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ከታሪካችን ልጀምር።

ክርስትና ወደዚህ ምድር ትናንት የመጣ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአጼ ሠርጸ ድንግል ዘመን ከጎጀብ ማዶ የነበረው የእናርያ ገዥ ተጠመቀ፤ ክርስትናው ወደ ከፋም ዘለቀ። ኋላ በተከታታይ ጦርነትና በሕዝብ እንቅስቃሴ ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረው መንገድ ተዘጋ። ጳጳስ የለም፣ ቄስ የሚሾም የለም፣ መጽሐፍ የሚገለብጥ የለም። ዘመን ዘመንን ተካ። አባ ማስያስ እያልን የምንጠራው ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ከፋ ሲደርስ፣ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች አገኘ። የቅዱሳንን ስም ይጠራሉ፣ ጾምና በዓል ይጠብቃሉ። የጾሙን ምክንያት የሚነግራቸው ግን ከጠፋ ብዙ ትውልድ አልፎ ነበር። ማሳያ ራሱም ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ከአገሩ እንዲወጣ ተደረገ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ፣ ልማድ ብቻ ይዘው የቀሩ፣ ፍሬው ጠፍቶ ገለባው የቀረላቸው ተደርገው ይታያሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ካህን ሳይኖራት፣ መጽሐፍ ሳታይ፣ ከአያቷ የተቀበለችውን ጾም ለልጇ ያስተላለፈች እናት ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። በእጇ የነበረው ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልጣለችውም። ሥርዓትና ልማድ ያለ ማብራሪያም ቢሆን እምነት የሚጠለልበት ቤት ሊሆን ይችላል። የማሳያን ከፋ ያነሣሁት እውቀት ማነስ እምነትን ባዶ እንደማያደርገው እንድታዩልኝ ነው። እውቀት መብዛቱም አይሞላውም። የሚቀጥለው ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ ከባድ ታሪክም ነው።

በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩና በየከተማው ታቦት ገባ፣ ካህን ተመደበ፣ መጽሐፍ መጣ። የማሳያ ዘመን ክርስቲያኖች የጎደላቸው ሁሉ ተሟላ ማለት ነው። በዚያው ዘመን፣ በእነዚያው ዓመታት፣ ያኔ ጊሚራ ተብሎ በሚጠራው በዚህ በእኛ አገርና በማጂ በኩል የባሪያ ፍንገላ ሕዝብ ጨረሰ። በልጅ ኢያሱ ጊዜ በ1904 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ብቻ ሰው በሺዎች ተነዳ፤ ብዙው በበሽታና በድካም መንገድ ላይ ቀረ። ሹም ከሹመቱ ተነሥቶ ከነወታደሩ ሲመለስ የሚነዳው ሰው ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ካወጡ በኋላም ነገሩ ቶሎ አልቆመም፤ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ፈንጋዩ ማን ነበር? አንገቱ ላይ ማተብ ያለው፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ በጊዮርጊስ ቀን ጠላ ጠምቆ የሚዘክር ሰው ነበር። ሃይማኖቱን ይወድ ነበር፤ ለሃይማኖቱ ይሞትም ነበር። በገመድ ያሰረውን ልጅ ግን እግዚአብሔር በአምሳሉ እንደ ፈጠረው አላመነም። ይህ የአንድ ቤተ እምነት ነውር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1845 በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የነበሩት ባፕቲስቶች ከሰሜኖቹ ተለይተው የራሳቸውን ኅብረት ያቋቋሙት፣ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ መላክ አለበት ብለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በቃላቸው የሚያውቁ፣ በየቀኑ የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። ካቶሊኮቹ ፖርቱጋሎችም ከአፍሪካ ዳርቻ ሰው ሲጭኑ በመርከባቸው ሸራ ላይ መስቀል ነበር።

ታሪካችን ግን ሌላም ገጽ አለው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደ ተገደሉ ሁላችን እናውቃለን። የጎሬውን ጳጳስ አቡነ ሚካኤልን ግን እኛ የደቡብ ምዕራብ ሰዎች እንኳ አብዛኞቻችን አናስታውሳቸውም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ ለወራሪው አልገዛም ብለው በ1929 ዓ.ም. እዚያው ጎሬ ተገደሉ። ከእኛ ብዙም በማይርቅ ከተማ የሆነ ነገር ነው። በየትምህርት ቤታችን ስማቸው ቢነገር ደስ ይለኛል።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ሶዶ ከደረሱ ገና አሥር ዓመት አልሞላቸውም፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች 50 አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ። በመካከሉ ዋንዳሮን የመሰሉ ሰባኪዎች ታስረዋል፣ በአደባባይ ተገርፈዋል፣ የጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል። እስር ቤት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ በአገራችን የታሰረን ሰው የሚያበላው ዘመዱ ነበር። አማኞቹ ግን ዘመዳቸው ላልሆነ ሰው ስንቅ ተሸክመው ይመላለሱ ጀመር። ያየው ሕዝብ ተገረመ። ወሬው የሄደው በስብከት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ስንቅ ነው። ኋላም ከዚያው ሕዝብ መካከል የወንጌል መልእክተኞች ኦሞን ተሻግረው፣ ሚስትና ልጅ ይዘው፣ በእግራቸው ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር ሄዱ።

ዛሬ ማንም መጥቶ ሃይማኖትህን ካድ አይለንም። በሩ ክፍት ነው፣ ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሏል። በጳጳሳቱና በሰባኪዎቹ ላይ የመጣው ዓይነት ፈተና ስላልመጣብን ያልተፈተንን ይመስለናል። እኔ ግን በየቀኑ እየተፈተንን ነው እላለሁ። ፈተናችን ትንሽ ናት፤ የቡና ሲኒ ታህላለች።

ስለ ማንጆ ወገኖቻችን ነው የምናገረው። በከፋና በሸካ ማንጆ፣ በዳውሮ ማንጃ ይባላሉ። በከፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን ኬላ ይጠብቁ ነበር፤ አዳኞችና የማር ሰዎች ነበሩ። ዛሬም ብዙዎቹ በከሰልና በማገዶ ሽያጭ ይኖራሉ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ሕዝብ ተለዩ። ማንጆው መንገድ ላይ ሌላውን ሲያገኝ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስለ እርስዎ እኔ አፈር ልግባ የሚል ትርጉም ያለው ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ቤት አይገባም። ምግብ ቢሰጠው በእንሰት ቅጠል ነው፤ የሚጠጣበትም ዕቃ ለብቻው ነው። ጋብቻማ የሚታሰብ አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ መሬት አገኙ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ፣ ሕጉም ሰው ሁሉ እኩል ነው አለ። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ይህን አልክድም። ቡናው፣ ቀብሩና ጋብቻው ግን በብዙ ቦታ እንደ ነበሩ ናቸው።

አሁን ያየሁትን ልናገር። አንድ የጸሎት ፕሮግራም ካለቀ በኋላ በአንድ ሽማግሌ ቤት ቡና ተጠራን። ሰውዬው በቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ናቸው፤ ጸሎቱንም የዘጉት እሳቸው ነበሩ። ከእኛ ጋር የመጣ አንድ ማንጆ አማኝ ነበር። በጸሎቱ ላይ ከሁላችንም በላይ ድምፁ የሚሰማ፣ ያመነበት የሚመስል ሰው ነው። ቤት ስንደርስ እኛ ወደ ውስጥ ገባን፤ እሱ ማንም ሳይነግረው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ልጅቷ ለእኛ አዳረሰች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ከበሩ ኋላ አንዲት ጆሮዋ የተሰበረ ኩባያ ይዛ መጣች። ቡናውን በእሷ ቀዳች። ኩባያዋ ለእሱ የተቀመጠች መሆኗ ያስታውቃል። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፣ ጠጣ። ጨዋታው አልተቋረጠም። የምናወራውም ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ነበር።

ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ሽማግሌውም ክፉ አልነበሩም፤ ለዚያው ሰው ልጁ ታሞበት የሕክምና ገንዘብ ሰጥተውት እንደሚያውቁ ሰምቻለሁ። ነገሩን የሚያከብደው ይሄ ነው። ገንዘብ መስጠት ቀለላቸው፤ ሲኒ መስጠት ከበዳቸው። ገንዘብ ሲሰጡ ከላይ ሆነው ነው የሚሰጡት፤ ሲኒው ግን ነገ ታጥቦ ወደ እሳቸው አፍ ይመለሳል።

ሌላም ላንሣ። ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት አውቃለሁ። ማንበብ አይችሉም። ጉባኤ ላይ ወጥተው መሰከሩ ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ማገዶ ያመጣችላቸውን የማንጆ ሴት ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ከረከቦቱ ሲኒ አንሥተው አቦሉን ቀዱላት። ጎረቤት ይህን አየ። በማግሥቱ ቡና ቢጠሩ የመጣ የለም። በሳልስቱም የለም። በእኛ አገር ብቻን ቡና መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ሰው በቁሙ ከሰው መቆረጡ ነው። ልጃቸው እንኳ ምን አስቸኮለሽ ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸው ግን ጀበናቸውን መጣድ አልተዉም፤ ከዚያች ሴት ጋር ለሁለት ጠጡ። ወራት አልፎ ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ያልተመለሱም አሉ።

እኒህን እናት ለምን አደረጉት ብላችሁ ብትጠይቋቸው ረጅም ማብራሪያ አይሰጧችሁም። አብረን ቆርበን እንዴት አብረን አንጠጣም ነው ያሉት። አንድ የነገረ መለኮት ተማሪ ብዙ ዓመት ለፍቶ የሚደርስበትን ነገር ነው በአንድ ትንፋሽ የተናገሩት።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም፤ ሐዋርያት ራሳቸው የተፈተኑበት ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ሲጸልይ ከሰማይ የወረደውን ጨርቅ፣ በውስጡም ለአይሁድ ርኩስ የሆኑትን እንስሳት አየ። ትርጉሙም ገባው፤ የሮማዊው መቶ አለቃ የቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ ሰበከ፣ እንዲጠመቁም አዘዘ። ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ ሊሰጠው አይችልም። እንዲህም ሆኖ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑ አማኞች ጋር ይበላ የነበረው ይኸው ጴጥሮስ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈራና ከማዕዱ ራቀ። በርናባስም እንኳ ተከተለው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። በገላትያ መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ላይ ጳውሎስ ጉዳዩን የምግብ ሥነ ሥርዓት ወይም የጨዋነት ጉድለት አድርጎ አላየውም። ከወንጌሉ እውነት ጋር የሚጋጭ አካሄድ አድርጎ ነው ያየው።

ጴጥሮስ አላመነም ነበር ማለቴ አይደለም። ያመነ ሰውም ይፈራል፣ ይወድቃል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሃይማኖት ደስ ከሚያሰኘው ሰው የሚለየው ሲወቀስ ነው። ጴጥሮስ በሁሉ ፊት ተወቅሶ ቤተ ክርስቲያንን ጥሎ አልሄደም፤ ኋላ በጻፈው መልእክቱም ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ነው የጠራው። ለስሜቱና ለክብሩ ብሎ የመጣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ወቀሳ ሲደርስበት አጥቢያ ይቀይራል። በዚህ በእኛ አካባቢ ይህ በዓይናችን ታይቷል። በከፋ አንዳንድ ወረዳዎች ካቶሊኮች ማንጆዎችን ተቀብለው ሲያጠምቁ፣ ሌላው ሕዝብ ያቺ የማንጆ ቤተ ክርስቲያን ናት ብሎ ሸሸ። በሌላ ቦታ ደግሞ ሰው እንዳይሸሽ ሲባል ለማንጆዎች ለብቻ ጸሎት ቤት ተሠራላቸው። የሠሩት ሰዎች ሐሳባቸው ቅን እንደ ነበር አምናለሁ። ውጤቱ ግን ያችን የተሰበረች ኩባያ በቆርቆሮና በምስማር መሥራት ሆነ።

ይህን ስናነሣ ሁልጊዜ የሚሰጠን መልስ አለ። ባህል ነው፣ ቀስ እያለ ይለወጣል ይባላል። ችግሩ የሚበሉት ነገር ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኛው መልስ ተፈትኗል። ብዙ ማንጆዎች አምነው ሲጠመቁ ጉሬዛውንም አሳማውንም ተዉ፤ ይህን ካደረጋችሁ እንቀበላችኋለን ተብለው ነበርና። ተዉት፣ ሲኒው ግን አልመጣም። እንግዲህ ነገሩ ሥጋው አልነበረም። የመጀመሪያውን መልስ በተመለከተ ደግሞ፣ እኛ ክርስቲያን ስንሆን ባህላችንን መለወጥ እንደምንችል አሳይተናል። የአያቶቻችንን ጠንቋይ ትተናል፣ ስማችንን ለውጠናል፣ የጋብቻ ሥርዓታችንን ለውጠናል። በሸካ የሆነውን ተመልከቱ። አባቶች ጉዶና ዴዶ እያሉ የሚያከብሯቸው፣ ምሳር የማይነካቸው የጫካ ቦታዎች ነበሩ። ክርስትናው ሲስፋፋ አንዳንዱ አዲስ አማኝ አምልኮቱን መተዉን ለማሳየት እነዚያን ትልልቅ ዛፎች ቆረጠ። እግዚአብሔር ያበቀለውን ዛፍ መፍራት ትርጉም ስለ ሌለው ፍርሃቱን መተዉ ትክክል ነበር፤ ዛፉን መጣሉ ግን ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ጫካ የተረፈው ነው በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበው፤ ቡናችንም የሚያድገው በእሱ ጥላ ሥር ነው። ያን የመቶ ዓመት ዛፍ በአንድ ቀን የጣለ ክንድ ሲኒ ሲያቀብል የሚዝለው ለምንድን ነው? ዛፉን ሲጥል ጎረቤት አጨበጨበለት። ሲኒውን ሲያቀብል ጎረቤት ይርቀዋል።

ሲኒውን ያጎላሁት በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላውም አለ። በመኸር ጊዜ እሸት ቡና ከገበሬው የሚሰበስብ ክርስቲያን ነጋዴ ሚዛኑ ልክ ነው ወይ? ቀይ ቡና ውስጥ አረንጓዴ ደባልቆ የሚያቀርብ ክርስቲያን ገበሬስ? ከዳውሮና ከወላይታ ለለቀማ የመጣውን ወጣት የቀን ዋጋውን ቆርጦ፣ የቆረጠውን ለጉባኤው መባ የሚሰጥ የለም ወይ? ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም።

ወደ ሥራው እንምጣ። በመካከላችን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የዕድር ዳኞች፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴዎች አላችሁ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የዕድራችሁን መዝገብ አውጥታችሁ እዩት፤ የማንጆ ቤተሰብ ስም አለበት ወይስ የለበትም? የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ጽዋው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ፣ ወደ ማን ቤት እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። ወንጌላውያኑ ሽማግሌ ስትመርጡ ከማንጆዎቹ መካከል የተመረጠ አለ ወይ? ከመድረክ የሚነገር ስብከት ያስፈልጋል፣ ሆኖም ሰባኪው ከስብከቱ በኋላ ገብቶ ቡና የጠጣበት ቤት ከስብከቱ ይልቅ ይሰማል። አንድ ቄስ ወይም አንድ ፓስተር ማንጆ ቤት ገብቶ፣ ከቤቱ ሲኒ ጠጥቶ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ በዚያው ቀን ያውቀዋል። እንዲህ ያደረጉ አባቶችና ወንድሞች አሉ፤ የከፈሉትንም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ እኛ፣ ሲኒው በእጃችን ስላለው ነው። ደፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው እምነት ግን አላነሣሁም። ሰው በሚንቀው ጉባኤ መካከል በየሳምንቱ እየተገኘ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ ከከሰሉ ዋጋ አስራቱን እያወጣ፣ የገፉትን ሰዎች ወንድሞቼ እያለ የሚጸልይላቸው ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው? ክብር ፈልጎ እንዳንል ክብር አላገኘም። ዘመድ ፈልጎ እንዳንል አልተዛመድነውም። ከክርስቶስ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ የሚያቆየው ምንም ነገር አይታየኝም። በየአጥቢያችን ለማንጆ ወገኖች ወንጌል ለማድረስ የሚል ዕቅድ በየዓመቱ ይወጣል። ከእነሱ አንዱን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዴት አምነህ ቆየህ ብሎ የሚጠይቅ አጥቢያ ካለ፣ ቀኑን ንገሩኝ፤ እኔ መጥቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ።